ከ55 እስከ 60፤ በፈቃድ ስለ መሰናበት

በአዲስ አበባ ከሚገኙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባንደኛው፣ ፀሐይ በማይደርስበት የምድር ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ 28 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገሉ አንዲት ወይዘሮ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው የራሳቸው ግለ ማኅደር እስኪወጣላቸው ይጠባበቃሉ። መዝገብ ያዡ ጐልማሳ ከብረት መደርደሪያው ላይ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ፋይል አወረደና አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ፣ ገጾቹን እየገለበጠ ከሁሉ በታች ወዳለው፣ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ገባው ወረቀት ደረሰ። ይህም ወይዘሮዋ በ1989 ዓ.ም. በተቀጠሩ ጊዜ በገዛ እጃቸው የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ነው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ጽሕፈቱ ይነበባል። በትውልድ ዘመን አንጻር 1962 የሚል ተጽፏል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ልጄ የተወለደችው በ1964 ነው እያሉ ይሟገቱ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሕጉ ዘንድ የሚጸናው ሠራተኛው መጀመሪያ በተቀጠረ ጊዜ ያስመዘገበው ዕድሜ ስለ ሆነ፣ እኒህ ወይዘሮ በቤተ ዘመድ ስሌት የ53፣ በመንግሥት ስሌት ግን የ55 ዓመት ሰው ናቸው።

«ምነው እትዬ፣ ገና አምስት ዓመት እያለዎት ከወዲሁ መውጣት አሰቡ?» አላቸው ጐልማሳው።

«ልወጣ አይደለም የመጣሁት፤ መውጣት እችል እንደ ሆነ ላውቅ ነው» አሉት።

እኔም ጉዳይ ኖሮኝ በዚያው ክፍል ቆሜ ነበርና ይህ መልስ ከጆሮዬ አልወጣም። በአገራችን አብዛኛው ሠራተኛ ስለ ጡረታ ማሰብ የሚጀምረው የስንብቱ ደብዳቤ ከእጁ ከገባ በኋላ ነው፤ የሽኝቱ ግብዣ ተበልቶ፣ ጋቢው ከትከሻው ላይ ተደርቦ፣ የምስጋናው ወረቀት በመስተዋት ተለብጦ ከሳሎኑ ግድግዳ ከተሰቀለ በኋላ፣ በማግሥቱ ሰኞ ጧት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ በደጁ ሲያልፍ እየሰማ ካልጋው ጠርዝ ተቀምጦ የዕለቱን ተግባር የሚፈልግ ሰው ቍጥሩ ቀላል አይደለም። በፈቃዱ ቀድሞ ሊወጣ የሚያስብ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ጸጋ ተሰጥቶታል፤ ቀኑን የሚቈርጠው እርሱ ራሱ ነውና ከቀኑ በፊት ያለው ዘመን ሁሉ የዝግጅት ዘመን ሊሆንለት ይችላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ቀድሞ ለሚወጣ ሰው የገንዘቡ ነገር የግድ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያጸናው ገና በሥራ ላይ ሳለ በጥቂት በጥቂቱ መኖር የጀመረው ሁለተኛ ኑሮ መሆኑን ነው።

የጡረታ መብት በኢትዮጵያ በዘመናዊ ሕግ መልክ የቆመው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በቤተ መንግሥት ወይም በጦር ሜዳ ጕልበቱን የጨረሰ ሰው ተስፋው በተሰጠው የማደሪያ መሬት፣ በልጆቹና በጌታው ቸርነት ላይ ነበረ፤ ጌታው የተሻረበት ወይም የሞተበት አገልጋይ ደግሞ እርጅናው ከሹመት ጋር አብሮ ይወድቅ ነበር። ድንጋጌው ያንን ቸርነት ወደ መብት ለወጠው፤ የመብቱ ባለቤት ግን ለረዥም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው ብቻ ሆኖ ቈየ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሙሉ ወደዚህ ሥርዓት የገባው በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 715 በወጣ ጊዜ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛው አዋጅም በዚያው ዓመት በቍጥር 714 ታድሶ ነበር። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣል፤ መደበኛው የመውጫ ዕድሜም 60 ዓመት ነው።

ከዚህ መደበኛ በር ጐን ግን ብዙ ሰው የማያንኳኳው ሌላ በር አለ። ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢሰናበት፣ ለመውጫው ዕድሜ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ ማለት 55 ዓመት ከሞላው ጊዜ አንሥቶ፣ ዕድሜ ልኩን የጡረታ አበል ያገኛል። አገልግሎቱ ከ25 ዓመት የጐደለ እንደ ሆነ ይህ በር አይከፈትለትም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወይዘሮም ወደ መዝገብ ክፍሉ የወረዱት ይህንኑ ለማረጋገጥ ነበር፤ ዕድሜያቸውም አገልግሎታቸውም ሞልቷል።

አበሉ የሚታሰብበት መንገድ ላወቀው ሰው ከባድ አይደለም። በመጨረሻው ሦስት ዓመት የተከፈለው የወር ደመወዝ አማካይ ይያዛል፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ድምሩ ግን ከ70 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ 28 ዓመት ያገለገለ ሰው 30 በመቶው ላይ 22.5 በመቶ ተጨምሮለት 52.5 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስተውል የምለምነው «አማካይ» የሚለውን ነገር ነው፤ የብዙ ሰው ስሕተት የሚወለደው ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ደመወዙን ይዞ ስለሚያሰላ ነውና።

ወይዘሮዋ ባለሙያ ናቸውና አልተሳሳቱም። ከቢሮ ወጥተን ማኪያቶ ባዘዝንበት ጠረጴዛ ላይ ከቦርሳቸው ባለ መስመር ደብተር አውጥተው ያሳዩኝ ስሌት ይህን ይመስላል። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ከመሻሻሉ በፊት በነበሩት 24 ወራት የተከፈላቸው በክብ ቍጥር 8,000 ብር፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 12 ወራት ደግሞ 14,000 ብር ነው፤ የ36ቱ ወር አማካይ 10,000 ብር ይሆናል። ዛሬ ቢወጡ 52.5 በመቶው 5,250 ብር ነው። ሁለት ዓመት ታግሠው ቢወጡ ግን፣ ደመወዛቸው አንድ ሳንቲም ሳይጨመር እንኳ፣ አሮጌው 24 ወር ከስሌቱ ወጥቶ አማካዩ 14,000 ይሆናል፤ አገልግሎታቸውም 30 ዓመት ስለሚሞላ መቶኛው 55 ይደርሳል፤ አበሉም 7,700 ብር ይሆናል። በሁለት ዓመት ትዕግሥት የሚገኘው የ2,450 ብር ልዩነት በየወሩ እስከ ዕለተ ሞት የሚከተል ነው፤ እሳቸው በሞት ቢቀድሙ ደግሞ ለባለቤታቸው ከሚተላለፈው 50 በመቶ ጋር አብሮ ያድጋል።

«ይህን ስሌት ሳልሠራ ባለፈው ዓመት ማመልከቻ ጽፌ ነበር» አሉኝ ደብተሩን እየከደኑ፤ «አለቃዬ ጋ ሳልደርስ ነው መልሼ የቀደድኩት።»

ቀድመው የወጡት ሰዎች ሁሉ ሊመልሱት የማይችሉትን ነገር እሳቸው በአንድ ደብተር ገጽ አዳኑት። የስንብት ማመልከቻ ከጸደቀ በኋላ አማካዩ ለዘለዓለም የታተመ ነውና፣ ቀድሞ ለመውጣት የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው መቼ ደከመኝ ሳይሆን የትኞቹ 36 ወራት ይታሰቡልኛል የሚለውን ነው። ደግሞም በመካከል ሥራ ለውጦ የነበረ ሰው የቀድሞው መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ በፋይሉ ውስጥ መኖሩን፣ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መስማማቱን፣ የትዳርና የልጆች ማስረጃ መያያዙን ገና በሥራ ላይ ሳለ ቢያጣራ፣ በኋላ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበትን ወራት ያስቀራል። አሠሪው ድርጅት መዋጮውን በየወሩ ገቢ ማድረጉን ማረጋገጥም በተለይ የግል ድርጅት ሠራተኛ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል ከተባለ፣ 7,700 ብር ወይም የዚያ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሃያ ዓመት የሚያኖር ገንዘብ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በባሕር ማዶ ይህን ጥያቄ ባንድ ቀመር የሚመልሱ አሉ። ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ጡረታ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው ገንዘብ 4 በመቶውን ቢያወጣ፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በዋጋው ንረት ልክ እየጨመረ ቢጠቀም፣ ገንዘቡ ለ30 ዓመት ሊበቃው እንደሚችል ከአገሩ የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ አስልቶ አሳይቷል፤ የዓመት ወጪህን 25 እጥፍ አጠራቅምና ሥራህን ተሰናበት የሚለው ምክርም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ዛሬ ይህ ምክር በአማርኛ ተተርጕሞ ለወጣቶቻችን ሲሰበክ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ከበቀለበት መሬት ተነቅሎ በእኛ መሬት ላይ ሊጸድቅ አይችልም። ባንኮቻችን ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት ጊዜ በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያችን የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነውና ገና ጨቅላ ነው። እንዲህ ባለ አገር በባንክ ደብተር ላይ የተኛ ብር ባለቤቱ እያንቀላፋ ሳለ ይሟሟል።

ስለዚህ የእኛ ሰው ጥሪቱን የሚያኖረው ባንክ ሳይሆን ቤት ላይ ነው፤ በዚህም አልፈርድበትም። ዕዳው ያለቀለት የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ወይም በግቢው ጥግ የተሠሩ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ሰው፣ ኪራዩ ከዋጋው ንረት ጋር አብሮ ስለሚነሣ፣ አበሉ ሲያንስበት ኪራዩ ይደግፈዋል። በአንጻሩ፣ ቤት ሳይኖረው፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ በ55 ዓመቱ በፈቃዱ የሚወጣ ሰው ራሱን ለአከራይ አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቍጠረው፤ የ60 ዓመቱን በር ቢጠብቅ እመክረዋለሁ። የቀድሞው የግል ድርጅት ሠራተኛ ፕሮቪደንት ፈንድ የተባለውን የቁጠባ ገንዘቡን ባንድ ጊዜ ሲቀበል የሚገጥመውም ፈተና ከዚህ አይተናነስም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወንድም ልጅ የጭነት መኪና፣ የጐረቤት የዶሮ እርባታ፣ የልጅ ሠርግ በደጁ ተሰልፈው ይጠብቁታል። የሥራ ልምድ ያላበሰለው ንግድ በ55 ዓመት ዕድሜ አይጀመርም፤ የሚጀመር እንኳ ቢሆን ደመወዝ እየመጣ ሳለ ቅዳሜና እሑድ በትንሹ ተፈትኖ መሆን አለበት።

በባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ነገር ለብቻው ሰፊ ቢሆንም እዚህ ላይ የሚነካ ጫፍ አለው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ያሽከረከሩ፣ በሆስፒታልና በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን የሠሩ ሰዎች ባንድ ምኞት ይተባበራሉ፤ ይኸውም የመጨረሻውን ዕድሜ አገር ቤት ማሳለፍ ነው። በዚያ አገር ሕግ 40 የሥራ ነጥብ፣ ማለት 10 ዓመት ገደማ የሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ አበሉን ከ62 ዓመቱ ጀምሮ ሊወስድ ይችላል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ግን ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፤ በ62 የወሰደ 30 በመቶ ለዘለቄታው ይቀነስበታል። ያ የተቀነሰ ገንዘብ እንኳ አዲስ አበባ ሲደርስ በብር ተመንዝሮ ብዙ ይመስላል። የሚዘነጋው ነገር በ65 ዓመት የሚጀምረው ሜዲኬር የተባለው የሕክምና ዋስትና ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግን ሕክምና በጠቅላላው የማይከፍል መሆኑ ነው። የልብ ወይም የኵላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቤቱን ሸጦ ጠቅልሎ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይህን ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ወደሚከብደኝ ነገር ልመለስ።

ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የመሬት ቀያሽ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ56 ዓመታቸው፣ በፈቃዳቸው ተሰናበቱ። ቤት ነበራቸው፤ ልጆቻቸው ደርሰዋል፤ ስሌታቸውም የተስተካከለ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ሠርገኛ አሳለፏቸው፤ የላሊበላን ልደት ሄደው አከበሩ፣ የትውልድ ቀያቸውን ጐበኙ፣ ለብዙ ዓመት ያልጠየቋቸውን ዘመዶች ጠየቁ። ክረምቱ ሲገባና መንገዱ ሲያበቃ ግን ከቤት ዋሉ። ሠላሳ ዓመት የአገር ድንበርና የመንገድ ማዕዘን በመሣሪያ ሲለካ የኖረ ዓይን ከጓዳ በቀር የሚያርፍበት አላገኘምና፣ አንድ ቀን ባለቤታቸው ከገበያ ሲመለሱ የበርበሬው፣ የሽሮው፣ የኮረሪማውና የጥቁር አዝሙዱ ጣሳዎች በቁመታቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው፣ በእያንዳንዱም ላይ ስሙና የተገዛበት ቀን በነጭ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፎበት አገኙ።

«እኔ ይህን ጓዳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው» ይላሉ ባለቤታቸው፤ «ያን ዕለት የገዛ ጨዌን ፈልጌ አጣሁት። ተቈጥቼ ልናገር ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት፤ ሥራ የሠራ ሰው ፊት ነበረው።»

ይህች የመጨረሻ ቃል ስለ ጡረታ ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ ወደ ልቤ የገባች ናት። ሰውዬው ገንዘብ አልጐደለባቸውም፤ የጐደለባቸው ባንድ ቀን መጨረሻ ላይ «ይህን ሠራሁ» ብለው የሚያሳዩት ነገርና፣ ያንን የሚያይላቸው ሰው ነበር። ሮበርት አችሊ የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. ከሥራ የወጣ ሰው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ሲተነትን መጀመሪያ የጫጉላ ወራት፣ ቀጥሎ የመከፋት ዘመን፣ ከዚያም ኑሮን እንደ ገና የማደራጀትና የመርጋት ጊዜ እንደሚመጣ ጽፏል። የቀያሹም ነገር ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የእኔ ትዝብት ግን የመከፋቱ ዘመን ርዝመት በሰውዬው ጠባይ ላይ ከሚመሠረተው ይልቅ አስቀድሞ በተከለው ነገር ላይ ይመሠረታል የሚል ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ባልንጀራውም፣ ማዕረጉም፣ የሰዓቱ ሥርዓትም ከአንድ ግቢ ውስጥ የተቀዳ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ግቢ በወጣ ዕለት ሦስቱንም ባንድ ላይ ይነጠቃል።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያላሰቡበት አይምሰለን። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ስለ ሌዋውያን በተደነገገው ሥርዓት፣ ሌዋዊው ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በመገናኛው ድንኳን ያገለግልና 50 ዓመት ሲሞላው ከከባዱ አገልግሎት ያርፋል፤ የደብተራ ኦሪቱን ዕቃ ከመሸከም ይሰናበታል፤ ይሁን እንጂ ከድንኳኑ አይባረርም፤ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ጥበቃውን እየጠበቀ ይረዳቸዋል። ይህ ሥርዓት ሸክምንና ማኅበርን ለያይቶ የተመለከተ በመሆኑ እጅግ ያስደንቀኛል። ከትከሻው ላይ የሚወርደው ሸክሙ ነው፤ ማኅበሩ ግን ይቀርለታል። የእኛ ዘመን መሥሪያ ቤት ሁለቱን ባንድ ደብዳቤ ያወርዳቸዋል፤ በማግሥቱ የበር ዘበኛው እንኳ መታወቂያ ይጠይቃል።

ሌላውም የአገራችን መንገድ ምናኔ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዐፄ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ በአክሱም አጠገብ ባለው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነነ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። ከእርሱ ወዲህ ቍጥር የሌላቸው መሳፍንትና ተራ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ ሀብታቸውን አካፍለው፣ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ሌሎቹ አድባራት ገብተዋል፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይዛዝርትም ቆብ ጭነው በደጀ ሰላም አጠገብ ቤት ቀልሰዋል። ዛሬ ለሁሉ ሰው የሚሆን መንገድ ነው አልልም። ነገር ግን ሥርዓቱን ተመልከቱት፤ መናኙ ሥራ ፈት አይደለም፤ ሰዓታቱ ተከፍለው፣ ኪዳኑ፣ ቅዳሴው፣ ተግባረ ቤቱ፣ ማዕዱ በየተራ ይጠብቁታል፤ «አባ» የሚለው አዲስ ስምም ይሰጠዋል። የቀድሞው ማዕረግ ሲወድቅ ሌላ ስም ይተካለታል ማለት ነው።

በዓለማዊው ኑሮ ደግሞ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ይታሰበኛል። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እኒህ ሰው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትም ገና በመንግሥት አገልግሎት ሳሉ ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ሲወጡ ግን የመንግሥቱን ሥራ ከተሰናበቱ ቈይተዋል። ብዕሩን በጡረታ ቀን አልገዙትም፤ በሥራ ዘመን የተሳለ ብዕር ነበርና ሹመቱ ቢቀር እርሱ ቀጠለ። ሁሉም ሰው ደራሲ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ በገናም ቢሆን፣ ንብም ቢሆን፣ የጓሮ አትክልትም ቢሆን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ቢሆኑ፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በፊት የተጀመረ ነገር ከ55 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሰውን ይሸከማል ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች የተለየ ነገር ሳልናገር ባልፍ ፍርድ አጓድላለሁ። ወንዱ ከቢሮ ሲወጣ ሥራ ያጣል፤ ሴቲቱ ከቢሮ ስትወጣ ግን ሁለተኛው ሥራዋ ሙሉ ቀን ይሆንባታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ስለ አበሉ ስሌት ሲያስረዱኝ ድምፃቸው የረጋ ነበር፤ ድምፃቸው የተለወጠው ልጃቸው «እንግዲያማ እማዬ ቤት ልትውል ነው፤ ሞግዚቷን አሰናብታታለሁ» ማለቷን ሲነግሩኝ ነው። የልጅ ልጃቸውን ይወዳሉ። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተመኙት፣ በሰበካቸው የሚሰጠውን የግእዝ ትምህርት ከጧት ተነሥተው መማር ነበርና፣ 28 ዓመት የጠበቁት ጧት በአንድ ቃል ሲወሰድባቸው አዩ። እንዲህ ያለውን ነገር ከባልና ከልጆች ጋር ቍጭ ብሎ በግልጥ መነጋገር ከማመልከቻው በፊት ይገባል። ከልጃቸው ጋር ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ሕፃኑን ከቀትር በኋላ ብቻ ሊይዙ ተስማምተዋል፤ እሳቸውም ሁለቱን ዓመት እስኪጨርሱ ድረስ በሰበካቸው የእሑዱን ክፍል ጀምረዋል፤ ፊደሉን ስለሚያውቁት አሁን ግሥ ላይ ደርሰዋል።

የቀያሹ ነገር የተቃናው ደግሞ በዕድሩ በኩል ነው። ዕድራችን ለቀብር ድንኳን ብቻ የቆመ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ያለው፣ የወር መዋጮ የሚሰበስብና ሒሳብ የሚያስመረምር ማኅበር ነው፤ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሰው እውቀቱን ይዞ የሚገባበት ደጅ ነው። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት አባል ሆነው መዋጮ ከመላክ በቀር ከስብሰባ ውለው አያውቁም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ዕድሩ የድንኳንና የወንበር ማኖሪያ ቤት ሊሠራ ተነሥቶ፣ የቦታው ልክ ከጐረቤት ጋር ሲያጨቃጭቅ፣ ባለቤታቸው ለዕድሩ ዳኛ «እኔ ቤት የሚለካ ሰው አለ» ብለው ላኩባቸው።

ዳኛው ገና አርባ ዓመት ያልሞላው፣ በሕንፃ ሥራ ዕቃ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነው። ቀያሹ የድሮ ሜትራቸውን ይዘው መጡ፤ እሳቸው ግን አልለኩም፤ የዳኛውንና የጸሐፊውን እጅ እየያዙ አስለኳቸው፤ ማዕዘኑ በሦስት፣ በአራትና በአምስት ሜትር ገመድ እንዴት እንደሚፈተን አሳዩአቸው፤ ንድፉንም ጸሐፊው በገዛ እጁ እስኪያወጣው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከጐረቤቱ ጋር የነበረው ጭቅጭቅም ገመዱ ራሱ በተዘረጋበት ቦታ፣ በሽማግሌዎች ፊት አለቀ። ከጠቅላላ ጉባኤው ዋዜማ ዳኛው መጥቶ «ጋሼ፣ ነገ ለአባላቱ እርስዎ ቢያስረዱልን ይሻላል፤ ሰው እርስዎን ይሰማል» አላቸው።

«የለካኸው አንተ፣ የሣለው ጸሐፊው፤ እናንተው ታስረዳላችሁ» አሉት። «እኔ ከጐናችሁ እቀመጣለሁ፤ ቍጥር ከተሳሳታችሁ ክንዳችሁን እነካለሁ።»

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጸሐፊው ንድፉን በሰሌዳ ላይ ለጥፎ አስረዳ። አንዲት እናት የዝናቡ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ጠየቁ፤ ጸሐፊው ዘወር ብሎ ቀያሹን አየ፤ ቀያሹም ጣታቸውን በንድፉ ላይ ወዳለችው ቦይ ዘረጉለትና እሱው መለሰ። ዕቅዱ ጸደቀ፤ የቆርቆሮው ዋጋ ግን አከራክሮ ለቀጣዩ ወር ስብሰባ አደረ።